ቻለው!

የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የሚባል ነገር የለውም። ሰው ሁሉ «ያን ሁሉ ደረጃ መውጣት እንዴት ነው?» ይለኛል። መውጣቱስ ደህና ነው፤ እኔን የሚፈጀኝ መውረዱ ነው። ጠዋት ጠዋት የደረጃውን ብረት ጨብጬ፣ እንደ ሙሽራ አንድ ረግጬ አንድ እያረፍኩ ስወርድ፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እናት ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ያልፉኛል። ሰባን ካለፉ ቆይተዋል። «አይዞህ ልጄ፤ ዕድሜ ነው እንግዲህ» ብለውኝ ይወርዳሉ።

እኔም «አዎ እማማ» እላለሁ። ምን ልበላቸው? አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። የእኔ ጉልበት የታመመው በእርጅና ሳይሆን በልጅነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ለነበረ ሰው ቪዲዮ ቤት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በጆንያ የተጋረደ በር፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ በሩ ላይ ደግሞ ደረቱን ገልጦ የቆመ ብሩስ ሊ። ከዚያ የወጣ ልጅ ቤቱ እስኪደርስ የመብራት እንጨት ሲራገጥ ነው የሚሄደው። እኔም ከነዚያ ልጆች አንዱ ነበርኩና፣ የሰፈራችን የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ቴኳንዶ ይሰጣል ሲባል ለመመዝገብ የቀደመኝ አልነበረም።

አዳራሹ ወለሉ ሊሾ ነው። ምንጣፍ የለ፣ ፍራሽ የለ። የምት ቆጠራው በኮሪያ ቋንቋ ነው፤ «ሀና! ዱል! ሴት! ኔት!» እየተባለ እንራገጣለን። መጀመሪያ ሰሞን ማስተሩ «ሀና!» ሲል የጎረቤታችንን ልጅ የሚጠራ እየመሰለን፣ «ሴት!» ላይ ሲደርስማ እየተሳሳቅን፣ ስንት ቀን ፑሽ አፕ ተቀጥተናል። እያደር ሳቁ ቀረ። ከቆጠራው ሁሉ በላይ ግን የሚሰማ አንድ ሌላ ቃል ነበር። እሱ ኮሪያኛ አይደለም፤ ጥርት ያለ አማርኛ ነው።

«ቻለው!»

እግሬ ዛለ? ቻለው። ባቴን ያዘኝ? ቻለው። ጉልበቴን አመመኝ? ቻለው። ማስተራችን ክፉ ሰው አልነበረም። እሱም ከአስተማሪው የወረሰው ቃል ነው። እኛም ወደድነው። ከአዳራሹ ውጪ ማንም ምንም የማይለን የድሃ ልጆች ነበርንና፣ «ይችላል» መባል ትልቅ ነገር ነበር።

ሦስት ዓመት ተራግጬ ቀይ ቀበቶ ታጠቅሁ። ማስተሩ ሲያረፍድ ጀማሪዎቹን የማሟሟቅ ሥልጣን ተሰጠኝ። ሥልጣን ያልኩት በምክንያት ነው። በሃያ አንድ ዓመቱ፣ ሥራ ሳይኖረው፣ ሠላሳ ልጅ በአንድ ቃሉ የሚነሳና የሚቀመጥ ወጣት ሥልጣን ምን እንደሆነ ያውቃል።

ከነዚያ ሠላሳ ልጆች መካከል አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራም። ቀጭን ነው፤ እግሩ ግን ቀላል። የታላቅ ወንድሙን ሸራ ጫማ ፊቱ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቆበት ያደርጋል። አንድ ማክሰኞ ማታ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ቀንሶ፣ «ጋሼ፣ ጉልበቴን ያመኛል» አለኝ።

የት ላይ ነው ብዬ አልጠየቅሁትም። መቼ ጀመረህም አላልኩትም። ማስተሩ እንደሚለው፣ በማስተሩ ድምፅ፣ «ቻለው! ወንድ አይደለህ እንዴ?» አልኩት። ይኸ አልበቃኝም። ለሌሎቹ ትምህርት ይሆናቸዋል ብዬ ከረድፉ አስወጣሁትና ሃምሳ ዶልዮ ቻጊ ለብቻው እንዲመታ አዘዝኩት። ሃምሳውንም መታ። ሲጨርስ ፊቱ ዐመድ መስሎ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። አስጨበጨብኩለት።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ስፓሪንግ ላይ ነበር። ሊመታ ዞረ፤ የቆመበት እግር ግን አልዞረም። ቀጭ የሚል ድምፅ እኔ እስከቆምኩበት ተሰማ። ወገሻ ዘንድ ወሰዱት አሉ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም። እኔም ሄጄ አልጠየቅሁትም። ቤታቸው ከአዳራሹ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

*

የራሴ ጉልበት መናገር የጀመረው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። መጀመሪያ ደረጃ ላይ፤ ቀጥሎ ታክሲ ውስጥ ብዙ ስቀመጥ፤ በመጨረሻ ሌሊት። እንደለመድኩት ቻልኩት። የማውቀውን ቅባት ሁሉ ቀባሁት፤ ዲክሎፌናክ እንደ ቆሎ ቃምኩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ተርቻለሁ። ሲብስብኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ሐኪሙ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ከሁሉ በፊት የጠየቀችኝ «የት ላይ ነው? በጣትዎ ያሳዩኝ» ብላ ነው። ሎሚው ላይ ነው? ከሎሚው በታች ጅማቱ ላይ? በውስጥ በኩል? በውጭ በኩል? ሲታጠፍ ነው ሲዘረጋ? ያብጣል? ተቆልፎ ይቀራል? ይከዳዎታል? በሕይወቴ ስለ ጉልበቴ ይህን ያህል ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔ «ጉልበቴን አመመኝ» ማለት አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ አሥር ነገር ነው።

ከዚያ ብድግ ብላ «እስቲ እንዴት ነበር የሚመቱት?» አለችኝ። አሳየኋት፤ ቀስ ብዬ። ሳቀችና አስረዳችኝ። ጉልበት ዋና ሥራው እንደ በር ማጠፊያ መታጠፍና መዘርጋት ነው፤ መጠማዘዝ ብዙም አይወድም። እንደልቡ የሚዞረው ከላይ ያለው ዳሌ ነው። በዶልዮ ቻጊ አንዱ እግር በጎን ዞሮ ሲመታ፣ የቆመው እግርም ተረከዙ ወደሚመታው ነገር እስኪያይ ድረስ አብሮ መዞር አለበት። ዳሌው ዞሮ እግሩ መሬቱን ይዞ ከቀረ፣ የላይኛውና የታችኛው ያልተስማሙበትን ጠመዛ የሚቀበለው መካከል ላይ ያለው ጉልበት ነው። የሚቀደደውም ሜኒስከሱ፣ የሚበጠሰውም ጅማቱ ያኔ ነው። ሊሾ ላይ በላስቲክ ሶል ጫማ የሚራገጥ ልጅ እግሩ እንዴት ይዙርለት?

ሌላም አለ። አየር ላይ ያለ ዒላማ ሙሉ ኃይል ተወርውሮ እስከ መጨረሻው የሚዘረጋ እግር የሚያቆመው ነገር የለም። ያው የሚያቆመው ራሱ መጋጠሚያው ነው። ስለዚህ እግር ተቆልፎ ሳይዘረጋ መመለስ አለበት። እኛ በአንድ ማታ ሁለት መቶና ሦስት መቶ ጊዜ አየር እየመታን፣ «ቷ!» የሚል ድምፅ ካልሰማን የመታን አይመስለንም ነበር።

«ታዲያ ያኔ ለምን አላመመኝም?» አልኳት።

የሰጠችኝ መልስ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። የአጥንቶቻችንን ጫፍ የሸፈነው ልም አጥንት የሕመም ነርቭ የለውም አለችኝ። የደም ሥርም የለውም። ስለዚህ ሲጎዳ አይናገርም፤ ከተጎዳ በኋላም እንደ ሌላው ሥጋ ቶሎ አይድንም። ሕመሙ የሚሰማው ጉዳቱ ከሥሩ ያለውን አጥንትና ዙሪያውን ያሉትን ሕዋሳት ሲነካ ነው። በአጭሩ፣ እሱ ዝም ያለው ደህና ስለሆነ ሳይሆን መናገሪያ ስለሌለው ነው።

*

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው ያ ልጅ ወደ ሐሳቤ የተመለሰው። የእሱ ጉልበት እኮ ተናግሮ ነበር። ለዚያውም በሰው አፍ፣ በአማርኛ፣ ለእኔ።

ስለ ቃላት ትንሽ ላውራ። አማርኛችን ለዚህች መጋጠሚያ የሰጣት ስም የሚገርም ነው። ጉልበት ማለት እግር የሚታጠፍበት ቦታ ነው። ጉልበት ማለት ኃይልም ነው። ኃይለኛውን ጉልበተኛ እንላለን። ላቡን ሸጦ የሚያድረውን የጉልበት ሠራተኛ እንላለን። የፈራ ሰው ጉልበቱ ቄጤማ ይሆናል። ሙሽሮች የወላጆቻቸውን ጉልበት ይስማሉ። አርፍዶ የመጣ ተማሪ ጠጠር ላይ ይንበረከክ ነበር። ኃይላችንም፣ አክብሮታችንም፣ ቅጣታችንም አንድ ቦታ ላይ ነው የተቀመጡት። እኔ ያን ማታ በልጁ ጉልበት ላይ ጉልበቴን አሳየሁ ብል የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ልክ የሆነው እሱ ነው።

«ቻለ» የሚለውም ግሥ እንደዚያው ነው። መኪና መንዳት ቻለ ስንል አወቀ፣ ተሳካለት ማለታችን ነው። መከራውን ቻለ ስንል ደግሞ ታገሠ፣ ተሸከመ ማለታችን ነው። ችሎታ የሚለው ቃል ከዚሁ የወጣ ነው፤ ቻይ የሚለውም እንዲሁ። ደግ ቋንቋ ነው። በችግር የኖረ ሕዝብ መሸከም ራሱ አንድ ሙያ መሆኑን ያውቃል። ግን አንድ አደጋ አለው። የተሸከመውን ሰው ሁሉ የቻለ ያስመስላል። ያ ልጅ ሃምሳውን ምት መሸከም ቻለ፤ እኔ ግን ሃምሳውን ምት የቻለ መሰለኝ። ልዩነቱ የታየኝ ቀጭ ሲል ነው።

ስለ መቻል ከተጻፉት ታሪኮች አንዱ የኤፒክቴተስ ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ፣ በሮም ባሪያ የነበረ፣ ኋላ ነፃ ወጥቶ ታላቅ የፍልስፍና መምህር የሆነ ሰው ነው። አንካሳ ነበር። በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ኦሪጀን በጻፈው መጽሐፍ ላይ አንድ ወሬ ተጠቅሷል። ጌታው እግሩን ይጠመዝዘው ነበርና፣ ኤፒክቴተስ ፊቱን ሳይለውጥ ይሰበራል ብሎ አስጠነቀቀው አሉ። ጌታው አልተወም። እግሩ ሲሰበር ኤፒክቴተስ ያው በረጋ ድምፅ ነግሬህ አልነበር ወይ አለው። ሌሎች ጸሐፊዎች ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲያነክስ ነው ስለሚሉ ወሬው እውነትም ላይሆን ይችላል። እንደ ምሳሌ ግን ሲነገር ይኖራል። የሚነገረውም ለመቻል ምስጋና ነው። ምን ዓይነት ጽናት! ይባላል።

እኔ ዛሬ ታሪኩን ሳስበው ዓይኔ የሚያርፈው ጌታው ላይ ነው። እሱን የሚጠይቀው የለም። የኤፒክቴተስ ጌታ ኤፓፍሮዲቶስ የሚባል፣ ራሱ ቀድሞ ባሪያ የነበረና ነፃ ወጥቶ በኔሮ ቤተ መንግሥት ጸሐፊ የሆነ ሰው ነው። የእግሩ ወሬ እውነት ከሆነና ጠምዛዡም እሱ ከሆነ፣ የጠመዘዘው መጠምዘዝን የሚያውቅ ሰው ነው ማለት ነው። ደግሞስ የኤፒክቴተስ ትዕግሥት ለኤፒክቴተስ ክብር ይሁነው፤ ለጌታው ምን ይሆነዋል? ባሪያው ስለቻለ የጌታው እጅ ንጹሕ ይሆናል?

ጥያቄዬ ይኸው ነው። «እችለዋለሁ» የሚል ሰው ጀግና ሊሆን ይችላል። ሕመሙ የራሱ ነው፤ ምርጫውም የራሱ ነው። «ቻለው» የሚል ሰው ግን ምንድነው? ግሡ አንድ ነው። ግን የመጀመሪያው ሰው ከኪሱ ያወጣል፤ ሁለተኛው ከሰው ኪስ። የራሳችንን ሕመም መታገሥ መልካም ነገር መሆኑን ተስማምተናል። የሌላውን ሕመም መታገሥ ግን በጣም ቀላል ነገር ነው፤ ማንም ይችለዋል።

«ታዲያ ልጅ አመመኝ ባለ ቁጥር ቁጭ ይበል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መርፌ የሚወጋ ሕፃንን እናቱ «ቻል የኔ ልጅ» ካላለችው ማን ይበለው? ሥልጠና ያለ ሕመም አይሆንም። ዛሬ ያቺው ፊዚዮቴራፒስት እንኳ ተኝተህ ብላ አትልም። ጨርሶ የተቀመጠ ጉልበት የጭኑ ጡንቻ እየሳሳ ይሄድና ይብስበታል። ግድግዳ ተደግፌ በከፊል ቁጭ እንድል፣ ከዝቅተኛ ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቀስ ብዬ እንድወርድ፣ የዳሌዬን ጡንቻ እንዳጠነክር አዛኛለች። ያማል። እሷም «ትንሽ ይቻሉት» ትለኛለች። አንድ ቃል ግን ትጨምርበታለች። ከዜሮ እስከ አሥር ሲቆጥሩት ከሦስት ካለፈ፣ ወይም ነገ ጠዋት ብሶበት ካደረ ይንገሩኝ ትላለች። ካበጠ፣ ከተቆለፈ ወይም ከከዳዎትማ ያን ቀን ምንም ሳይሠሩ ይምጡ ትላለች።

ልዩነቱን አያችሁልኝ? የእሷ «ይቻሉት» ከ«ይንገሩኝ» ጋር ነው የሚመጣው። የእኔ «ቻለው» ግን ትርጉሙ «ዝም በል» ነበር። ሰውን ቻል ለማለት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የት ላይ እንደሚያመው ሊጠይቅ ይገባዋል። ሕመሙ የትኛውን ጥቅም እንደሚያመጣ ሊያውቅ ይገባዋል። ከተሳሳተም ሄዶ ቤቱ ሊጠይቀው ይገባዋል። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ፣ ቻለው ማለት ጉልበተኛነት ነው፤ በኮሪያኛም ይቆጠር በአማርኛ።

ደግሞ እኮ ይህን ስህተት የምንሠራው ግማሽ ታሪክ እየተነገረን ነው። በአዳራሹ የሚወራልን አንድ የብሩስ ሊ ገድል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ክብደት ሲያነሳ ወገቡን ተጎዳ፤ ሐኪሞች ዳግመኛ አትራገጥም አሉት፤ እሱ ግን ቻለው፤ ተመልሶ እነዚያን ፊልሞች ሠራ። ይኸ እውነት ነው። የማይነገረን ሌላው ግማሽ ነው። በመሐሉ ለወራት ተኝቷል። ዓለም ያደነቀው ያ ራጋጭ መራገጡን ትቶ አልጋው ላይ ሲያነብና ማስታወሻ ሲጽፍ ነው የከረመው። ከሞተ በኋላ በስሙ የታተመው የውጊያ ጥበብ መጽሐፉ ያን ጊዜ ከጻፋቸው ማስታወሻዎች ብዙ ወስዷል። ለእኛ የተነገረን ምቱ ብቻ ነው፤ አልጋው ተቆርጦ ቀርቷል።

*

ባለፈው ዓመት አንድ ለቅሶ ቤት ሄጄ ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ። ከፊት ለፊቴ አንድ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠ ጎልማሳ ትኩር ብሎ አየኝ። ወንበሩን ተደግፎ ተነሳና እያነከሰ መጣ።

«ጋሼ! አላወቅኸኝም?»

አወቅሁት። ከድምፁ በፊት ከእግሩ አወቅሁት። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። እኔ በልቤ ስድብ እየጠበቅሁ ነበር፤ ስንት ጊዜ በሐሳቤ ሰድቦኛል። እሱ ግን ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ «እኔን ሰው ያደረገኝ ይኸ ነው። ጉልበቴን አመመኝ ብለው ሃምሳ ምት አስመታኝ! ትዝ ይልሃል ጋሼ?» አለ። ሳቁ። እሱም ሳቀ። ቀጠለና ዛሬ እሱ ራሱ አሠልጣኝ መሆኑን ነገረኝ። መራገጥ ባይችልም ማሠልጠን ይችላል። ሰማንያ ልጆች አሉት። ዘመኑም እንደኛ ዘመን አይደለም አለኝ፤ እውነቱን ነው። ቴኳንዶ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ሙሉ የኦሎምፒክ ስፖርት ሆኗል፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ሰለሞን ቱፋ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። ልጆቹ ተስፋ አላቸው።

«እኔም የምላቸው አንተ ያልከኝን ነው፤ ቻለው!» አለኝ።

አንጀቴ ተላወሰ። ሰው በበደለው ሰው ሲመሰገን ምን ይባላል? ይቅርታ ነው እንዳልል፣ በደል ነው ብሎ ያላሰበውን ነገር እንዴት ይቅር ይላል? ውሸት ነው እንዳልልም፣ ምስጋናው እውነቱን ነበር። ያ አዳራሽ ሰዓት ማክበርን፣ ወድቆ መነሳትን አስተምሮታል፤ ለኔም እንደዚያው። ግን እግሩ አይታጠፍም። ሁለቱም እውነት ናቸው። የሚያስፈራኝ ምስጋናው ዕዳዬን ማጥፋቱ አይደለም። ምስጋናውን ከተቀበልኩ ዕዳው ወደ ሰማንያ ልጆች ጉልበት መዛወሩ ነው።

በዚያ ሰሞን አንድ ያነበብኩት ነገር ረዳኝ። ስፖርተኛ ሲጎዳ ይረፍ፣ በረዶ ይያዝለት፣ በፋሻ ይታሰር፣ እግሩ ከፍ ይደረግለት የሚለውን ዓለም ሁሉ የተቀበለውን ምክር እ.ኤ.አ. በ1978 በመጽሐፉ ያስተዋወቀው ጌብ ሚርኪን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። እኛም አዳራሽ ድረስ መጥቶ ነበር፤ በረዶ ባይኖረንም። እ.ኤ.አ. በ2014 ይኸው ሐኪም በረዶውና ፍጹም ዕረፍቱ እንዲያውም መዳንን ሊያዘገዩ ይችላሉ ብሎ የራሱን ምክር በአደባባይ አረመ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ስሙ የተጠራበትን ቃል! ዝም ቢል ኖሮ ማን ይጠይቀው ነበር? የተናገሩትን ቃል መመለስ አይቻልም ይባላል። ተከትሎት ሄዶ ማረም ግን ይቻላል ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ልጁ አዳራሽ ሄድኩ። አሁን ወለሉ የፍራሽ ምንጣፍ አለው። «ልጆች፣ የእኔ አሠልጣኝ ነው» ብሎ አስተዋወቀኝ፤ ሰማንያው ጎንበስ አሉልኝ። «እስቲ ምክር ስጣቸው ጋሼ» አለ።

«ጉልበቱን የሚያመው እጁን ያውጣ» አልኩ።

አንድም እጅ አልወጣም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ልጅ ግን ሎሚውን በአውራ ጣቱ እያሸ ነበር። የራሴን እጅ አወጣሁ። ልጆቹ ሳቁ። ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠብቄ፣ ያን የሃምሳ ምት ታሪክ እንደ ገድል ሳይሆን እንደሆነው ነገርኳቸው። አልጠየቅሁትም ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነበር፤ አልኩ። አሠልጣኛቸው መሬት መሬት ያይ ነበር። ሲሸኘኝ በር ላይ፣ «ጋሼ፣ ልጆቹን እንዳታልፈሰፍስብኝ» አለኝ። ቅር ብሎታል። እኔም የምለው ጠፍቶኝ ወጣሁ። ከኋላዬ «ሀና! ዱል! ሴት!» ሲባል ይሰማኛል።

አንድ ሳምንት አለፈ። ማታ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ሁለት ልጆች መጥተው ጉልበታችንን ያመናል አሉኝ» አለኝ። ትንሽ ዝም አለ። «ምን ልበላቸው?»

«መጀመሪያ የት ላይ እንደሆነ ጠይቃቸው» አልኩት።